ላፕቶፔ በራሱ እየጠፋ ይነሳል፤ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎም አልዳነም

የኪቶ ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ፣ ጅማ ኪቶ አካባቢ ነው የምሠራው። ሥራዬ ጽሕፈት ነው። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አትሜ እጠርዛለሁ። የዓመቱን የቤት ኪራይ የማገኘው በግንቦትና በሰኔ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ላፕቶፔ ጉድ ሠራኝ።

ዕቃው ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። ራሙ (የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) 12 ጊጋ ነው፤ አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 4። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ገዛሁት። እስከ ሚያዝያ ድረስ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሚያዝያ ላይ በሳምንት አንዴ ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ ሪስታርት ማድረግ ጀመረ። አሁን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሆኗል። ሰማያዊው ላይ የሚጻፈው ነገር በየጊዜው ይለያያል። አንድ ቀን ሜሞሪ ማኔጅመንት ይላል፣ ሌላ ቀን ፔጅ ፎልት ይላል፣ ትናንት ደግሞ ሲስተም ሰርቪስ ምናምን አለ። አንዳንዴ ምንም ሳይጽፍ ድርግም ብሎ ይጠፋና ተመልሶ ይነሳል።

ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። “ዊንዶውሱ ነው” ተባልኩና ፎርማት ተደረገ። ሦስት ጊዜ። በየጊዜው 400 ብር ከፍያለሁ። በሦስተኛው ገና የአማርኛ መተየቢያውን ፓወር ግዕዝ ስጭንበት ሰማያዊ ሆነ። ቻርጀር ቀይሬያለሁ። ፋኑን አስጠርጌያለሁ። ሥሩን በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነው እንጂ አያቃጥልም። መብራት ነው እንዳልል፣ ነቅዬ በባትሪ ስሠራም ያው ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሐሙስ የአንዲትን ልጅ 96 ገጽ ጽሑፍ ጨርሼ ፍላሽዋ ላይ ገለበጥኩላት። አማካሪዋ ቢሮ ሄዳ ብትከፍተው ፋይሉ ተበላሽቷል አለ። ተመልሳ ስትመጣ እንባዋ ዓይኗ ላይ ነበር። ድጋሚ ገለበጥኩት፤ አሁን ተከፈተ። ያው ፋይል፣ ያው ፍላሽ። ስንት የለፋችበት ነገር በእኔ እጅ እንዲህ መሆኑ በጣም ከብዶኛል።

ማዘርቦርዱ ሞቶ ነው? በዕቃነት ሸጬው ልገላገል? የምታውቁ እባካችሁ።

ቆጪ ሰፈር (ሰኞ ማታ)

አይዞሽ። እኔ ሙቀት ይመስለኛል። የእኔም እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ ቴርማል ፔስት ሲቀየርለት ነው የዳነው። ለማንኛውም ዊንዶውስ የደረሰበትን ችግር የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ ግቢና እዪ። ከርነል ፓወር 41 የሚል ካለ የኃይል ችግር ነው ማለት ነው።

መርካቶ ጥገና (ማክሰኞ ጠዋት)

አብሽሪ እህቴ። ዕቃሽን ለማንም እንዳትሸጪ። እኔም እዚሁ ጅማ መርካቶ ነው የምሠራው። ላፕቶፕ ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

ከምንም በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የተማሪዎቹን ፋይል በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ አውጪ። ሲገለበጥ ሊበላሽ ስለሚችል፣ የገለበጥሽውን እያንዳንዱን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተሽ እዪ። ካልተከፈተ ድጋሚ ገልብጪ። ይሄ ሳያልቅ ካቻቢቴ እንዳታነሺ።

አሁን ወደ በሽታው። ወንድማችን ከላይ ስለ 41 የጻፈው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 41 ማለት “ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቷል” ማለት ብቻ ነው። መብራት ሲሄድም ይጻፋል፣ ራም ሲበላሽም ይጻፋል፣ በጣትሽ ማጥፊያውን ተጭነሽ ብታጠፊውም ይጻፋል። ምክንያቱን አይነግርሽም።

ሙቀትም አይመስለኝም። ላፕቶፕ በሙቀት ሲጠፋ ፋኑ አስቀድሞ ይጮሃል፣ ዕቃው ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይጽፍ ድርግም ይላል። የአንቺ ለብ ያለ ነው ብለሻል።

እኔን የያዘኝ የልጅቷ ፋይል ነው። ፋይል ስትገለብጪ መጀመሪያ ራም ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነው ወደ ፍላሹ የሚሄደው. ራሙ ላይ አንዲት ቦታ የተቀበለችውን በትክክል ካልመለሰች ፋይሉ ተበላሽቶ ይወጣል። ሁለተኛ ስትገለብጪው ሌላ ቦታ ላይ ያርፍና ደህና ይሆናል። ሰማያዊው ላይ የሚጻፈው በየቀኑ መለያየቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አንድ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ መልሶ መላልሶ ይጽፍልሽ ነበር። ራም ሲሆን ግን የሚጻፈውን የሚወስነው በዕለቱ የተበላሸችው ቦታ ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው። ፎርማት ደግሞ ኤስኤስዲውን ያጸዳል እንጂ ራም አይጠግንም።

ስለዚህ ግምት ትተን እንፈትነው። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባል ራም የሚፈትን ነጻ ፕሮግራም አለ። በሌላ ሰው ኮምፒውተር አውርደሽ ፍላሽ ላይ ጫኚው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ባዶ ፍላሽ ይሁን። ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሺ (ቡት አድርጊ)። ሴኩር ቡት የሚባለው ካልፈቀደልሽ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ለጊዜው አጥፊው። መጀመሪያ ሁለቱም ራም እንዳሉ ሞክሪ። ቀይ መስመር ከመጣ አቁሚ። አንድም ስህተት ስህተት ነው፣ “ትንሽ ናት” አይባልም።

ከዚያ አንድ አንድ እያደረግሽ ፈትኚ። ባለ 8ቱን ብቻ በአንደኛው ስሎት (ራሙ የሚሰካበት ቦታ)፣ ከዚያ ባለ 4ቱን በዚያው ስሎት፣ ከዚያ ሁለተኛው ስሎት ላይ እንዲሁ። አደራ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሪ። አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ጀምረሽ ተኚ። ራም ስታወጪ ቻርጀሩ ይነቀል፣ የባትሪውም ገመድ ከውስጥ ይነቀል። ውጤቱን ጻፊልኝ።

ቆጪ ሰፈር (ማክሰኞ)

ስለ 41 አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ራሙን ስታወጪው ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ፈግፍጊው፣ ብዙ ጊዜ ያድናል።

መርካቶ ጥገና (ማክሰኞ)

ላጲስ ለራሙ ጠርዝ በስሱ ይሆናል። ፍርፋሪው ግን ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከላፕቶፑ ርቀሽ አድርጊው። ግን አሁን አትንኪው። ሳይፈተን ከጸዳ የቱ እንደታመመ አናውቅም።

የኪቶ ጸሐፊ (ዓርብ ማታ)

እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ፋይሎቹን አውጥቼ የጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁለቱ አልተከፈቱም፤ ድጋሚ ስገለብጣቸው ዳኑ።

ሁለቱም ራም እንዳሉ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ባለ 8ቱን ለብቻው አንደኛው ስሎት ላይ ሌሊቱን አሳደርኩት። አራት ዙር፣ ዜሮ ስህተት። በማግስቱ ባለ 4ቱን እዚያው አስገባሁ። እሱም ዜሮ። ግራ ገባኝ። ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑ ማን ነው በሽተኛው?

ከዚያ ባለ 8ቱን ሁለተኛው ስሎት ላይ አደረግሁት። ቀይ። ባለ 4ቱም እዚያው ቀይ።

በስልኬ መብራት ሁለተኛውን ስሎት አየሁት። በግራ ጫፍ አምስት የሚሆኑ ጥርሶች እንደ ሌሎቹ ወርቃማ አይደሉም። ጠቁረዋል፣ ሥራቸው ላይ ደግሞ አረንጓዴ የሆነ እንደ ሻጋታ ያለ ነገር ይዟል። በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ። ይሄን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጥር ላይ ሱቁ ውስጥ ቡና ተፈልቶ አንድ ሲኒ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቷል። ወዲያው ዘቅዝቄ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ሲነሳልኝ ተረፈ ብዬ ረሳሁት። ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም። ይሄ ሊሆን ይችላል?

መርካቶ ጥገና (ዓርብ ማታ)

ጎበዝ! ሥራሽ የተመሰከረ ነው። ራሞቹ ነጻ ወጡ፣ ጥፋተኛው ስሎቱ ነው።

አንድ ጥያቄ። ቡናው ስኳር ነበረው ወይስ ጨው?

የኪቶ ጸሐፊ (ዓርብ ማታ)

ጨው። አማቴ ከሰቃ መጥታ ነበር፣ ያለ ጨው አትጠጣም። በምን አወቅህ?

መርካቶ ጥገና (ቅዳሜ ጠዋት)

በአረንጓዴው ነው የጠረጠርኩት። መዳብ ሲበላ እንዲያ ይሆናል። የደፋሽው ቡና ውሃው ቢደርቅም ጨው አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ጥርና የካቲት በጅማ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ዝም አለ። ዝናቡ ሲገባ አየሩ ረጠበ፣ ጨውም ረጠበ፣ ብረቱን መብላት ጀመረ። ሚያዝያ ላይ የጀመረሽ ለዚህ ይመስለኛል። ሥራ ከያዝኩ በቡና የተጎዳ ላፕቶፕ ብዙ አይቻለሁ። ጨው ያለበት ከሁሉም የከፋ ነው። ማንም ይሄን የሚያነብ፣ ቡና ከተደፋባችሁ “ተነሳልኝ” ብላችሁ አትተዉት። ያን ቀን አጥፍታችሁ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ፣ ውስጡን አስጠርጉ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ግዢ። ጨው በንጹሕ አልኮል በደንብ አይሟሟም፤ በ70ው ውስጥ ያለው ውሃ ያሟሟዋል። ባትሪው ተነቅሎ፣ ለስላሳ አዲስ የጥርስ ብሩሽ አርጥበሽ በጥርሶቹ አቅጣጫ ቀስ ብለሽ ቦርሺ። ጥርሶቹ እንዳይታጠፉ። ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ እንደገና ፈትኚ።

የኪቶ ጸሐፊ (ሰኞ ጠዋት)

አጸዳሁት፣ አደረቅሁት። ሁለተኛው ስሎት በመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ነበር፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ዙር ሦስት ስህተት አመጣ።

መርካቶ ጥገና (ሰኞ)

እንግዲያው ወርቁ ተበልቶ አልቋል። ያንን ስሎት ተዪው። ስሎት ይቀየርልሽ ቢሉሽ እሺ አትበዪ። የዲዲአር 4 ላፕቶፕ ራም 260 ጥርስ አለው፤ ያን ሁሉ በሙቅ አየር አንስቶ መልሶ መበየድ ለዚህ ዕቃ አያዋጣም። ባለ 8ቱን አንደኛው ላይ አድርገሽ ሥሪ። ለቃላት ሥራ 8 ጊጋ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ቅር እንዳይልሽ። አንዴ ፎርማት ማድረግ አለብሽ። ያ ሦስተኛው ዊንዶውስ የተጫነው በታመመ ስሎት በኩል ስለሆነ የራሱ ፋይሎች ተበላሽተው ሊሆን ይችላል። ፎርማት ቦታው አሁን ነው። እኔ ጋ ብትመጪ በነጻ እሠራልሻለሁ።

የኪቶ ጸሐፊ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንተም አላህ ይስጥሽ በለኝ። በባጃጅ ሄጄ፣ ፊት ለፊቴ ዊንዶውሱን ጭነህልኝ፣ አምስት ሳንቲም አልተቀበልከኝም።

ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሰማያዊ አላየሁም። አሥራ አራት ጽሑፍ አስረክቤያለሁ። ያቺ ልጅም ጥራዟን ትናንት ወሰደች። ከመሄዷ በፊት እኔ ፊት ፍላሹን ሁለት ጊዜ ከፈትንላት።

ሁለተኛው ስሎት ላይ በፕላስተር “አይነካ” ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለ 4 ጊጋው ራም ጤነኛ ነው፣ ዲዲአር 4 ነው፣ እኔ ጋ ቦታ የለውም። ላፕቶፑ ስሎት ያለው፣ ራም ያጠረው ተማሪ ጅማ ውስጥ ካለ እዚህ ይጻፍልኝ። በነጻ እሰጣለሁ።