ኦክቶፐሷ መብላት አቁማለች፤ ሙቀቱ ነው ወይስ እንቁላል?

ድሬዳዋ ነን። በ300 ሊትር ገንዳ ውስጥ ያለችው ኦክቶፐስ (ስምንት ክንድ ያላት አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ) ሸርጣን ካልነካች አራት ቀኗ ነው። ጨዉ በሊትር 35 ግራም፣ ከቆሻሻ ከሚመጡት መርዞች ናይትራይት ዜሮ፣ አሞኒያ ግን በሊትር 0.25 ሚሊግራም ደርሷል። ውሃው ጠዋት 26፣ ከሰዓት 31 ዲግሪ ነው። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይቆማል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም።

የተሸረፈ እንስራ ውስጥ ገብታ አፉን በጠጠር ዘግታለች። በክፍተቱ በባትሪ ሲታይ ሩዝ የሚመስሉ ነጭ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል፤ በክንዷ ጫፍ ትዳብሳቸዋለች፣ ውሃ ትነፋባቸዋለች። እንቁላል ከሆነ እናትየው ሳትበላ ጠብቃ፣ ሲፈለፈሉ ትሞታለች። ስለዚህ መድኃኒት አትምከሩን፤ በተለይ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ይገድላታል።

የጨነቀን ይኸው ነው፦ ቬንትሌተር ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ክዳኑ ሲከፈት ነው፤ ኦክቶፐስ ግን ምንቃር የመሰለው ጠንካራ አፏ ካለፈ ሌላው ሰውነቷ ያልፋል። በምን ዓይነት ወንፊት እንክደነው? የሚተነውንስ በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ብቻ መተካት ይበቃል? ወደ ጅቡቲ ባሕር መመለስም ታስቦ ነበር፤ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሙቀት ማንገላታት፣ የገንዳ በሽታም ወደ ባሕር መውሰድ ልክ አይመስለኝም። ባሕር በሌለበት አገር እሷን መያዙ ራሱ ስህተት ነበር። በጨለማና በጸጥታ ትጨርስ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የምታውቁ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልን።