በሞያሌ ኬንያ በራስ መኪና፦ አዲስ አበባ ምን ልጨርስ?

ጠያቂ (ካዛንቺስ)፦ ሰላም ጎበዝ፣ ኮድ 2 መኪና ይዤ በሞያሌ ናይሮቢ ልሄድ ነው። ሊብሬው በወንድሜ ስም ነው። እዚህ ሳለሁ ምን ምን ወረቀት ልያዝ?

መልስ 1፦ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኬንያ ቪዛ አያስፈልግም፤ ጣጣው ያለው መኪናው ላይ ነው። ወንድምህ ውክልና ይስጥህ፤ ግን "ለመንዳት" ብቻ የሚል ሳይሆን ከአገር ማስወጣትና መመለስን በግልጽ የሚጠቅስ ይሁን። ሰነዶች ማረጋገጫ ከጨረስክ በኋላ አስተርጉመህ ውጭ ጉዳይ አስመታው። ሊብሬው ባንክ የተያዘ ከሆነ መጀመሪያ የባንኩን ፈቃድ ደብዳቤ።

መልስ 2፦ ኢንሹራንስ ኩባንያህን የኮሜሳ የሎ ካርድ (ከአገር ውጭ በአባል አገሮች የሚሠራ የመኪና መድን ካርድ) ጠይቅ። ካርዱ የሚሸፍነው ሦስተኛ ወገንን ነው፤ የራስህ መኪና ቢጋጭ አይመለከተውም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካርዱ ላይ ከተዘረዘሩት አገሮች ኬንያ አለመሰረዟን እይ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተህ በባትሪ እያበራህ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬውም ከካርዱም ጋር አመሳክር። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ሳይስተካከል የቀረ መኪና ሞልቷል፤ ድንበር ላይ ያ አንድ አሃዝ ያስቆምሃል።

መልስ 3፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ አስቀድመው። የጉምሩክ ጊዜያዊ መውጫ ሰነድም አትርሳ፤ ያለሱ ስትመለስ መኪናው እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ሊታይብህ ይችላል። ሞያሌ አንድ ማቆሚያ ኬላ ነው፦ ስትወጣ የሁለቱንም አገር ማህተም የምታስመታው ኬንያ በኩል ባለው ሕንፃ ነው። ከዚያ ወዲያ በግራ ነው የሚነዳው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ነገ ከውክልናው እጀምራለሁ።