በሁለት ነጥቦች የሚያልፍ መስመርና ቀጤ ነኩ፦ ስሎፕ ከሌለስ?

ጥያቄ
ነጥብ ሀ(−2፣ 5) እና ነጥብ ለ(4፣ −7) ተሰጥተዋል። በሁለቱ የሚያልፈው መስመር እኩልታ እንዴት ይገኛል? መስመር ሀለን አጋማሹ ላይ በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠው ቀጤ ነክስ? ደግሞ ነጥቦቹ (3፣ −1) እና (3፣ 6) ሲሆኑ የስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋት) ቀመሩ፣ ማለትም የዋይ ልዩነት ለኤክስ ልዩነት ሲካፈል፣ 7/0 ይሰጣል። ያኔ ምን ይደረጋል?

መልስ 1
ስሎፑ (−7 − 5)/(4 − (−2)) = −12/6 = −2 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታህቱ ላይ ነው፤ ቅንፉን ትቶ 4 − 2 ይጽፍና −6 ያገኛል። ላዕሉን ከነጥብ ለ ከጀመርን ታህቱንም ከዚያው እንጀምር፤ አለበለዚያ ምልክቱ ይገለበጣል።

ቀጥሎ ስሎፑንና ነጥብ ሀን ይዘን፦ ዋይ − 5 = −2(ኤክስ + 2)፣ ሲስተካከል ዋይ = −2ኤክስ + 1። ማረጋገጫው ግን በነጥብ ለ ይሁን። እኩልታው የተሠራው በነጥብ ሀ ስለሆነ ስሎፑ የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ ሀ ይስማማዋል፤ ስህተቱን የሚያወጣው ለ ነው። −2(4) + 1 = −7፣ ልክ ነው።

መልስ 2
ለቀጤ ነኩ መጀመሪያ አጋማሹን እናውጣ፦ (1፣ −1)። የቀጤ ነክ መስመሮች ስሎፕ ሲባዛ −1 ስለሚሰጥ አዲሱ ስሎፕ 1/2 ነው፤ ገልብጠው ምልክቱን ሳይቀይሩ −1/2 የሚጽፉ አሉ።

ዋይ + 1 = 1/2(ኤክስ − 1)። ሁለቱንም ወገን በ2 ስናባዛ 2ዋይ + 2 = ኤክስ − 1፣ ማለትም ኤክስ − 2ዋይ = 3። በግራ ያለችው 1ም መባዛቷ አይረሳ።

መስመሩ ላይ (3፣ 0) አለ። ከሀ ያለው ርቀት ካሬ 25 + 25 = 50፣ ከለ ያለውም 1 + 49 = 50። የቀጤ ነኩ ነጥቦች ከሀም ከለም እኩል መራቅ ስላለባቸው ይህ ማረጋገጫ ነው።

መልስ 3
7/0 ማለት ስሎፑ 0 ነው ማለት አይደለም፤ 0 የአግድም መስመር ስሎፕ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ስሎፕ የለውም፤ የሁለቱም ነጥቦች ኤክስ 3 ስለሆነ እኩልታው ኤክስ = 3 ነው።

ለቀጤ ነክ እኔ የምመርጠው ስሎፕ የማይፈልገውን መንገድ ነው። የነጥቦቹ የኤክስ ልዩነትና የዋይ ልዩነት በቀጥታ ከኤክስና ከዋይ ፊት ይገባሉ። ለሀለ ልዩነቶቹ 6 እና −12 ናቸው፤ አጋማሹን 6ኤክስ − 12ዋይ ውስጥ ስንተካ 18 ይመጣል። 6ኤክስ − 12ዋይ = 18ን በ6 ስናካፍል ከላይ የተገኘው ኤክስ − 2ዋይ = 3 ነው። ለመጨረሻዎቹ ነጥቦች ደግሞ ልዩነቶቹ 0 እና 7፣ አጋማሹ (3፣ 2.5)፤ ስለዚህ 7ዋይ = 17.5፣ ዋይ = 2.5።