«ሰው ከተቀየረ ውል ተቀየረ» እስከ መቼ?

የጀሞው ተከራይ፦ ትናንት አንዲት አከራይ «ሰው ከተቀየረ ውል ተቀየረ፣ ዋጋም አብሮ ይቀየራል» ብለው ጻፉ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለሦስት ተከራይተናል። አንዱ ሥራው ሐዋሳ ሆነበትና በእሱ ቦታ የአክስቱን ልጅ እናስገባ አልን። የቤታችን ባለቤት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አዲስ ውል፣ 5 ሺህ ብር ጭማሪ፣ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ።» የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ እኮ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል! ውልም ከሁለት ዓመት አያንስም፤ የኛ ገና ስምንት ወሩ ነው።

አከራይ እናት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ልጄ፣ ውሉ ላይ የማን ስም ነው ያለው?

የጀሞው ተከራይ፦ የሚሄደው ልጅ።

አከራይ እናት፦ በቃ! የፈረመው ከወጣ እናንተ ምን ውል አላችሁ? አምና የኔው ተከራይ «ወንድሜ ነው» ብሎ ቁልፉን ለሌላ አስረክቦ ሄደ። ወንድም የተባለው የአራት ወር መብራትና ውሃ ጥሎብኝ ጠፋ። ቆጣሪው በስሜ ነው፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የሕግ ተማሪ፦ እማማ፣ ለደረሰብዎት አዝናለሁ። ግን የማያውቁትን ሰው አልቀበልም ማለትና ሰው ስለተቀየረ ዋጋ ልጨምር ማለት ለየቅል ናቸው። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ነው።

አከራይ እናት፦ አዲስ ውል ከሆነ ምን ጭማሪ አለው? አዲስ ዋጋ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ «አዲስ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ጠቡ። ሁለቱ ልጆች እዚያው ቤት፣ እዚያው አልጋቸው ላይ ናቸው። ምኑ ነው አዲስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እኛ ጋ አሜሪካ አዲሱ ሰው ማመልከቻ ይሞላል፣ ክሬዲቱ ማለትም የብድርና የክፍያ ታሪኩ ይታያል፣ ካለፈ ስሙ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ ላይ ይገባል። ሊዙ እስኪያልቅ ኪራዩ ያው ነው።

ሰሚት፦ እህቴ፣ እዚህ ተከራይን በክሬዲት ማየት የተለመደ አይደለም፤ ያለው ተያዥ ነው። ይልቅ ደላሎቹን ጠይቁ። ሰው በወጣ ቁጥር ኮሚሽን ስለሚያገኙ አከራዩን የሚያስጨምሩት እነሱ ናቸው።

ደላላ ነኝ፦ በኛ ላይ አታላክኩ! እኔ ለሦስቱም ስም ይግባ ብዬ ለምኜ፣ ተከራዮቹ ራሳቸው «አንዱ ይበቃል፣ ውል ለማስመዝገብ ወረዳ መመላለስ ሰለቸን» ያሉኝ ስንት ጊዜ ነው።

የጀሞው ተከራይ፦ እኛም እንደዚያው ብለናል፣ አልክድም። ቢሆንም ስምንት ወር ሙሉ ኪራዩ ከኔ ሂሳብ ነው በባንክ ለባለቤቱ የገባላቸው። ደረሰኙ ሁሉ አለኝ። አላውቅህም ሊሉኝ ነው?

አከራይ እናት፦ ደረሰኝ ፊርማ አይሆንም።

የሕግ ተማሪ፦ ማስረጃ ግን ይሆናል እማማ።

የጀሞው ተከራይ፦ ልጁ ቅዳሜ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። መታወቂያውንም ተያዡንም ይዤ በቤታችን ባለቤት በር እቆማለሁ። ዋጋ ግን አልጨምርም።

አከራይ እናት፦ መታወቂያና ተያዥ ካመጣህ ስለ ሰውየው እኔም አፌን እይዛለሁ። ስለ ዋጋው ግን ያልኩት ያልኩት ነው።