አስቸኳይ፦ የእድራችን አፕ አዲሱ አልጫን አለ፤ ስብሰባው ነገ ነው

የሰፈሩ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40)
ሰላም ለሁላችሁ። የእድራችንን መዋጮ የሚመዘግብ አፕ ሠርቻለሁ። ዛሬ የቅጣት ስሌት ጨምሬበት ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ለገንዘብ ያዣችን ላክሁላቸው፤ «አፕ ኖት ኢንስቶልድ» (አፑ አልተጫነም) ይላል። ጸሐፊው ስልክ ላይም እንዲሁ። የእኔ ላይ ግን ይሠራል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ነው፤ የከፈለና ያልከፈለ የሚነበበው ከዚያው ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ ድረሱልኝ!

ቢኒ 22
ሴቲንግ ገብተው ካልታወቀ ምንጭ መጫንን ይፍቀዱ። በቃ።

የሰፈሩ ልጅ
ፈቅደዋል። የበፊቱም የገባው እንደዚያ ነው።

አንጋፋው
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። አይፎን በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሲወጣ የውጭ ሰው የሠራውን አፕ ጭራሽ አይቀበልም ነበር። በሐምሌ 2008 አፕ ስቶር ሲከፈት 500 ያህል አፖች ገቡ፤ በሩ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ዘበኛውም ኩባንያው አፕል ራሱ። አውሮፓ ውስጥ ሌላ መደብር የተፈቀደው በ2024 ነው፣ እሱም በሕግ ተገድደው። አንድሮይድ ከፋይል መጫንን ከጥንት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ እናንተ እድር ውስጥ አፕ ልትሠሩ የቻላችሁት በዚህ ነው። አሁን ግን ጉግል የአፕ ሠሪዎችን ማንነት ማረጋገጥ ግዴታ አደርጋለሁ ብሏል፤ ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከ2027 ወዲህ ወደ ሌላውም አገር። ዝም ብለን ልናየው አይገባም።

የሰፈሩ ልጅ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን እኔ ለነገ ጠዋት ነው የቸገረኝ።

ሜሪ ዘ ፒያሳ
ካልታወቀ ምንጭ የሚለውን ፈቅደዋል? ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ፈቃዱ ለየአፑ ስለሆነ ለቴሌግራም መስጠት አለባቸው።

ዳኜ
አሮጌውን አጥፍተው አዲሱን ይጫኑ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሕያብ
እንዳያጠፉ!! መዝገቡ ስልካቸው ውስጥ ከሆነ አብሮ ይጠፋል። ወንድሜ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከጽሑፉ ቀጥሎ «ፓኬጅ ኮንፍሊክት» (ከተጫነው አፕ ጋር ይጋጫል) የሚል ነገር አለ? የበፊቱን አፕ ከሠራህ ወዲህስ ኮምፒውተር ቀይረሃል?

የሰፈሩ ልጅ
አዎ፣ እንደዚያ ይላል። አሮጌውን ላፕቶፕ ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼዋለሁ። የሁለት ዓመት መዝገብ ያለው ገንዘብ ያዣችን ስልክ ላይ ብቻ ነው። እኔ የራሴን አጥፍቼ ነው የጫንኩት።

ሕያብ
በል ችግሩ ተገኘ፤ የመጫን ፈቃድ አይደለም። እያንዳንዱ አፕ በሠሪው ቁልፍ ይፈረማል። ስልኩ አዲሱን በአሮጌው ላይ የሚጭነው ፊርማቸው አንድ ከሆነ ብቻ ነው፤ አለዚያማ ማንም ሰው የባንክ አፕ አስመስሎ ሠርቶ ያንተን መዝገብ ይወርሰው ነበር። አዲሱ ላፕቶፕህ የራሱን ቁልፍ ፈጥሯል። ወንድምህ ጋ ሂድና በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ «ነጥብ አንድሮይድ» የሚለውን ድብቅ ፎልደር ፈልግ፤ «ዲበግ ዶት ኪይስቶር» የሚባለውን ፋይል (ቁልፉ ያለው እዚያ ነው) ወስደህ አዲሱ ላይ እዚያው ቦታ ተካው። ከዚያ እንደገና ቢልድ አድርግ (መጫኛ ፋይሉን አውጣ)። መዝገቡ ሳይነካ ይጫናል።

ዌቡ ይሻላል
እኔ አፕ መሆኑን ራሱ አልደግፍም። ድረ ገጽ ብታደርገው የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም፤ አይፎን ያለውም ይከፍተዋል። በነፃ የአፕል አካውንት አይፎን ላይ የጫንከው አፕ በ7 ቀን ያበቃል፤ አለዚያ በዓመት 99 ዶላር ነው።

የሰፈሩ ልጅ
ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ኔትወርክ የለም እኮ።

ቢኒ 22
ፕሌይ ስቶር ላይ ለምን አትጭነውም? 25 ዶላር አንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ።

ሕያብ
ለነገ አይደርስም። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ በቅድሚያ 12 ሰው ለተከታታይ 14 ቀን መሞከር አለበት።

የሰፈሩ ልጅ (ከምሽቱ 3፡25)
ወንድሜ ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጌዋለሁ አለኝ። እህቴ፣ ምን ላድርግ?

ሕያብ
አትደንግጥ። ለነገ የአፑን መለያ ስም ቀይረህ ቢልድ አድርግ፤ ከአሮጌው ጎን ለጎን ይጫናል፣ ስብሰባው ላይ አሮጌውን ከፍታችሁ አንብቡ። ከዚያ ስልካቸውን በኬብል አገናኝና በኤዲቢ (ስልክን ከኮምፒውተር ማዘዣ መሣሪያ) «ራን አዝ» በሚለው ትእዛዝ ዳታቤዙን (መዝገቡ ያለበትን ፋይል) ቅዳው፤ አሮጌው የዲበግ (የመሞከሪያ) ቢልድ ስለሆነ ይፈቅድልሃል። ቁልፍህን ግን ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

ዳኜ (ሰኞ)
እንዴት ሆነ? ስብሰባው አለፈ?

ትዕግሥት ዲሲ (ሐሙስ)
እኔም ቁልፌ ጠፍቶብኛል፤ የእኔ ግን የዲበግ ሳይሆን የሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚለቀቅ) ቢልድ ነው። ዳታውን የማወጣበት መንገድ ይኖር ይሆን?