በሰፈር የመጻሕፍት መደብር ውስጥ መጽናናትና ወዳጅ ማግኘት ይቻላልን?

ጥያቄ፤ ከ«ዘግይቶ አንባቢ»

ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ካጣሁ 11 ወር ሆነኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው አጠገቤ ነበር፤ ሁሉም ወደየኑሮው ሲመለስ ግን ከቤትና ከመሥሪያ ቤት በቀር የምሄድበት ስፍራ እንደሌለኝ ተረዳሁ። አንድ ቀን ዝናብ ለማሳለፍ ብዬ በሰፈሬ ወደሚገኝ ትንሽ የመጻሕፍት መደብር ገባሁና አንድ ሰዓት ያህል በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆየሁ። ማንም «በረታህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ አለመጠየቄም ራሱ ዕረፍት ሆነልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አልቀርም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህ የማገኘው ነገር እውነተኛ መጽናናት ነው ወይስ ከሰው መሸሻ ብቻ የሚለውን ነው። ደግሞስ ለወራት ዝም ብሎ ሲመላለስ የከረመ ደንበኛ ሻጩንም ሌሎቹን አንባብያንም ሳያስቸግር እንዴት ይቀላቀላቸዋል? አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ፤ ከገዛኋቸው መጻሕፍት አብዛኞቹን አልጨረስኋቸውም። የገጹ ግርጌ ላይ ስደርስ ራስጌው ይጠፋኛል። እናቴ ከመካከሉ ላይ ገጹን አጥፋ የተወችው መጽሐፍም ቤት አለ፤ እርሱንማ ለመግለጥ እጄ እንቢ ብሎኛል።

መልስ፤ ከ«ባለመደርደሪያ»

ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። መጻሕፍት ስሸጥ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁና ነገሩ ከሻጩ ወንበር ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣን ሰው ሻጭ ሳያውቀው አይቀርም። ስሙን ባያውቅ እንኳ የትኛው መደርደሪያ ዘንድ እንደሚቆም፣ የትኛውን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ጊዜ እንደመለሰ ያውቃል። እርስዎ ሳይጠየቁ ቀርተው ይሆናል እንጂ ሳይታዩ አልቀሩም። ሰው አንድን መጽሐፍ ለምን እንደፈለገ መጠየቅ በሙያችን ነውር ነው፤ ስለዚህ በሩን የሚከፍተው ደንበኛው ነው።

ራስዎን ለማስተዋወቅ ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልግዎ አንድ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ምን ጥሩ መጽሐፍ አለ?» አይበሉ፤ ይህ ጥያቄ ሻጩን ወደ አዳዲሶቹ መጻሕፍት እንዲያመለክት ብቻ ያደርገዋል። «ረጅም ነገር መጨረስ አቅቶኛል፤ ከ20 ገጽ የማትበልጥ፣ ነገር ግን የማትረሳ ታሪክ የት አገኛለሁ?» ቢሉት ግን ያን ዕለት ማታ እቤቱ ገብቶም ሳይቀር ያስብበታል። ከዚያ ተመልሰው ምን እንደተሰማዎ ይንገሩት፤ ጠልተውት ከሆነም አይደብቁት። እኔን ከደንበኞቼ ጋር ያወዳጀኝ አብረን ካደነቅነው ይልቅ የተከራከርንበት መጽሐፍ ነው።

ስለ ማስቸገር ካነሡ ደግሞ፣ ሰው ሒሳብ ለመክፈል በተሰለፈበት ወይም አዲስ ካርቶን በሚፈታበት ሰዓት ወግ አይጀመርም። መደብሩ የሚኖረው በሽያጭ ነውና አልፎ አልፎ መግዛት ተገቢ ነው፤ በገቡ ቁጥር መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ሲልቪያ ቢች እ.ኤ.አ. በ1919 ፓሪስ ውስጥ የከፈተችው ዝነኛ መደብር መጽሐፍ መግዛት ለማይችሉ አባላቱ ያውስ ነበር፤ ከአገራቸው ርቀው ለሚኖሩ ጸሐፍትም ደብዳቤ መቀበያ አድራሻ ሆኖላቸዋል። ደብዳቤ ለመውሰድ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጠባቂ ያገኛል። ወዳጅነት የሚወለደው እንዲህ በሰበብ ነው።

መልስ፤ ከ«የንባብ ክበብ አስተባባሪ»

ከላይ በተጻፈው አብዛኛው ነገር እስማማለሁ፤ ክርክሩን ግን ሁሉም ሰው አይወደውም፤ ልቡ የቆሰለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይሸሸዋል። በምመራው ክበብ ውስጥ ለወራት አንዲት ቃል ሳይናገሩ የተመላለሱ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ለማናገር መጣደፍ ስሕተት እንደሆነ የተማርሁት አንዱን በጥያቄ ብዛት አስደንግጬ ካባረርሁት በኋላ ነው። ዛሬም ይጸጽተኛል።

የንባብ ስብሰባ በዚያው መደብር ሊኖር ይችላል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ይመልከቱ። ሁለት ዓይነት ስብሰባ አለ። አንደኛው ተሰብሳቢው የየራሱን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ በዝምታ የሚያነብበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ በጥቂት ወዳጆች ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይደረጋል፤ የቤት ሥራም ሆነ የመናገር ግዴታ የለበትም። ሌላው አንድ ሰው አጭር ታሪክ ወይም ግጥም ጮክ ብሎ የሚያነብበት፣ የቀሩት የሚያዳምጡበትና የወደደ አስተያየት የሚሰጥበት ነው። ለእርስዎ ይህኛው የሚሻል ይመስለኛል። በኀዘን ጊዜ ሐሳብን መሰብሰብ ያቅታልና፣ ገጹ የሚጠፋብዎ ስንፍና ይዞዎት አይደለም፤ የሌላ ሰው ድምፅ ግን መስመሩን ይዞልዎ ይጓዛል። ስለ ታሪኩ ገጸ ባሕርይ እያወራ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ማንም ግን «ስለ ራስህ ተናገር» አላለውም። ስለ መጻሕፍት መደብር ሳስብ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ከመተያየት ይልቅ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሦስተኛ ነገር ይመለከታሉ።

ሬይ ኦልደንበርግ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሥራ ቤትን አንደኛ፣ ሥራን ሁለተኛ ብሎ፣ ሰው ያለ ቀጠሮና ያለ ማዕረግ የሚገናኝበትን ሥፍራ «ሦስተኛ ቦታ» ሲል ሰይሞታል። የመጻሕፍት መደብርንም ከእነዚህ ቦታዎች መካከል ቆጥሮታል። እርስዎ «ከቤትና ከመሥሪያ ቤት በቀር» ሲሉ የጎደለዎትን ራስዎ ነግረውናል።

ለብቻዎ ሲያነቡ ደግሞ ከአዲስ መጽሐፍ ይልቅ ቀድሞ ያነበቡትን ይደግሙ። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ድንገተኛ ነገር አያመጣብዎትም። የእናትዎን መጽሐፍ አሁን አያስቸኩሉት፤ የትም አይሄድም።

መልስ፤ ከ«የምክር አገልግሎት ሠራተኛ»

«መጽናናት ነው ወይስ መሸሻ?» ለሚለው አንድ መለያ ልስጥዎ። ከመደብሩ ሲወጡ የሚሆኑትን ይመልከቱ። ለአንድ ሰው ስልክ ለመደወል፣ በልቶ ለመተኛት፣ ለሰኞ ለመነሣት ጥቂት አቅም ይዘው ከወጡ መሸሻም ቢሆን ጥሩ መሸሻ ነው። በየሳምንቱ ይበልጥ ከሰው እየራቁ ከሄዱ ግን መጽሐፉ መጋረጃ ሆኖብዎታል ማለት ነው።

በንባብ መታከም አዲስ ሐሳብ አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፣ በአንድ የግብጽ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ላይ «የነፍስ መፈወሻ» የሚል ጽሑፍ እንደነበረ ተርኳል። «ቢብሊዮቴራፒ» የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1916 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣው በከፊል በቀልድ መልክ ነበር። ቀልዱ ግን ውሎ አድሮ ቁም ነገር ሆነ፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሐኪሞች ለቀላል ጭንቀትና ድብርት የተመረጡ መጻሕፍትን ከቤተ መጻሕፍት እንዲወሰዱ የሚያዙበት አሠራር አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ስሜት እንደሚጎዳ ገልጿል፤ ስለዚህ በዚያ መደብር ከአንድ መደርደሪያ ፊት አብረውዎ ከቆሙት መካከል ሌላም ብቸኛ ሰው መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ የሌለብኝ ነገር አለ። ኀዘን በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ድብርቱ በየቀኑ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅዎ ቢቀር፣ እንቅልፍና ምግብ ቢያሳጣዎ ወይም መኖርን ቢያስጠላዎ፣ የሚሄዱት ወደ መጻሕፍት መደብር ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው። ቅዳሜዎን ግን ለዚያ ብለው አይተዉት።

መልስ፤ ከ«ዘግይቶ አንባቢ»

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንቅልፌ ደህና ነው፤ ሌላው እየተሻለኝ ነው። ቅዳሜ ዕለት መደብሩ ጭር እስኪል ጠብቄ፣ ባለመደርደሪያ እንዳሉኝ ከ20 ገጽ የማትበልጥ ታሪክ ጠየቅሁ። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጥቂት አሰበ፤ መሰላል አምጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንዲት ስስ መጽሐፍ አወረደና ገጾቿን ቆጠረ። «ይቺ 23 ናት፤ ሦስቷን ይቅር ይበሉኝ» አለኝ።

17 ላይ ደርሻለሁ።