የኢንድላይን (የፕሮጀክት ማብቂያ) ጥናታችን መጋቢት ላይ ይሠራ ወይስ ይቆይ?

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ የአገር ውስጥ ድርጅት የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነኝ። ደቡብ ወሎ ላይ የእናቶችን አመጋገብ የሚመለከት ፕሮጀክት እየዘጋን ነው። ቤዝላይኑ (የመነሻው ጥናት) የተሠራው ጥር ላይ ነበር። ለኢንድላይኑ ሁለት አማካሪዎች ቀርበዋል። አንደኛው ርካሽ ነው፤ 384 ናሙና ይዤ መጋቢት ላይ አስረክባለሁ ይላል። ሁለተኛዋ ናሙናዋ 600 ገደማ ነው፣ ዋጋዋም እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጭራሽ "ከፋሲካ በፊት መስክ አልወጣም" ብላለች። ፋይናንስ የመጀመሪያውን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። አለቃዬም ለጋሹ ሪፖርቱን ቶሎ ይፈልጋል እያለ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

በጀት ያዥ፦
ርካሹን ውሰጂ። 384 ሁሉም የሚሠራበት ቁጥር ነው። ሪፖርቱን ከለጋሹ ሌላ ማን ሊያነበው!

የመስክ ሰው፦
እህቴ፣ እንዳትሰሚው። ሁለቱንም አማካሪዎች አላውቃቸውም፤ ግን ከፋሲካ በፊት አልወጣም ያለችው መስክ ውላ ያደረች ሰው ናት።

መለኪያችሁ ያው "ትናንት ምን በላሽ" የሚለው ይመስለኛል። ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5 የበላች ሴት ናት ምግቧ በቂ ስብጥር አለው ተብላ የምትቆጠረው። ከ10ሩ ሦስቱ ሥጋና ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል ናቸው። አሁን በሁዳዴ አንዲት ጾመኛ እናት ቤት ግቢ። እንጀራ በሽሮ፣ ጎመን፣ ከተገኘ ቲማቲም። አራት ላይ ቆመች። ድንች ብትጨምርም ከእንጀራው ምድብ ነው የሚገባው። ቤዝላይን በፍስክ፣ ኢንድላይን በጾም ከሆነ ፕሮጀክታችሁ እናቶችን አስራበ የሚል ሪፖርት ይዛችሁ ለጋሽ ፊት ትቀርባላችሁ። ሙስሊም እናቶች ጋም ቢሆን የረመዳን ማዕድ የወትሮው አይደለም፣ እሱንም ካላንደር ላይ እዪው።

ግን የሴትየዋም ሐሳብ ቀዳዳ አለው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ነው። ጥር ላይ ደግሞ ሁለቱም ቀን ይጾማል። ስለዚህ ቤዝላይናችሁ ላይ ሐሙስና ቅዳሜ የተጠየቁት እናቶች የተናገሩት የጾም ቀን ምግብ ነው። ኢንድላይኑ በበዓለ ሃምሳ ከተሠራ ምንም ሳትሠሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አለቃሽ ይደሰት ይሆናል፣ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ውጤት አልፈርምበትም።

ቢቻል የሚመጣውን ጥር ጠብቁ። ካልተቻለ "ትናንት ጾመሽ ነበር?" የሚል ጥያቄ ይጨመር። ከቤዝላይኑም ሐሙስና ቅዳሜ የተሞሉትን ለይታችሁ፣ ፍስክን ከፍስክ ጋር አስተያዩ። ዳታው ኮቦ በሚባለው የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ከተሰበሰበ ቀኑ እዚያው ተመዝግቦ ይገኛል።

ቁጥር ወዳጅ፦
ስለ 384 ልጨምር። ይሄ ቁጥር የሚመጣው 50 በመቶን በ5 ነጥብ ስህተት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት አንድ ጊዜ ለመለካት ነው፤ ያውም ሰዎቹ በቀላል ዕጣ ከተመረጡ። እናንተ የምትፈልጉት ለውጥን ማየት ነው። ከ20 ወደ 30 በመቶ ያደገን ነገር በ80 በመቶ አቅም (ለውጡ ካለ ከ100 ጊዜ 80ውን እንዳያመልጥ) ለመያዝ በየዙሩ 290 ገደማ ሰው ያስፈልጋል። የአንድ ጎጥ ሰው ደግሞ አመጋገቡ ይመሳሰላል፤ ለዚያ ብለሽ በ2 ስታባዢው 580 ይሆናል። የሴትየዋ 600 የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። የቤዝላይኑ ናሙና ስንት ነበር?

የደሴዋ፦
612። ዳታውን አሁን ከፈትኩት፣ ቀኑ አለ። ከሲሶ በላይ የሆነው ሐሙስና ቅዳሜ ነው የተሞላው! ጥር መጠበቅ አይሆንልንም፣ ፕሮጀክቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ለጋሹን ያለ ተጨማሪ በጀት ጊዜ አራዝሙልን ልበል ወይስ ሴትየዋን ይዤ በዚያ ጥያቄ ልግባ?

የመስክ ሰው፦
ሴትየዋን ያዢ፣ ጥያቄውንም ውሉ ላይ አስገቢ። ለጋሹ እንዲያራዝም ደብዳቤ መጻፉ አይከፋም፤ ግን መልሱን እየጠበቅሽ ግንቦትን እንዳታሳልፊው። ከዚያ በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል፣ ጎተራውም እየሳሳ ይሄዳል።